የጠፋው ዜብራ

ዜብራው ጠፍቷል።

ሰኞ ጠዋት የሰፈሩ ልብስ ሰፊ መንገድ ስትሻገር ሚኒባስ ገጫት። እግሯ ተሰበረ። ሾፌሩ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማል።

«ዜብራ የለም! እስቲ እዩት፣ የታለ?»

«ሴትየዋስ?» አለች የትራፊክ ፖሊስ መርማሪዋ። «እሷም አልታየችህም?»

ሾፌሩ እንደገና ወደ አስፋልቱ ጠቆመ።

መርማሪዋ አጎንብሳ አየች። እውነቱን ነው። ዓርብ ዕለት ራሷ የተሻገረችባቸው ነጭ መስመሮች የሉም። አስፋልቱን በቁልፍ ፋቅ ፋቅ አደረገችው። ከጥቁሩ ቀለም ሥር ነጩ ብቅ አለ።

ሰው እንዴት ዜብራ ያጠፋል? ምን ሊጠቀም?

መጀመሪያ የጠረጠረችው የጋራዡን ባለቤት ነው። መሻገር ያቃተው እግረኛ ሁሉ በሩ ላይ ይከማችበታል፤ ዜብራው ይነሳልኝ ብሎ ሁለት ጊዜ አቤቱታ ጽፏል።

«ጠልቼዋለሁ፤ አልክድም» አለ። በወረቀት የያዘችለትን የቀለም ፍቅፋቂ አሸተተና ሳቀ። «ይሄ ግን የእኔ ቀለም አይደለም፣ እህቴ። የአውቶቡስ የታች ብረት፣ ሻንሲው የሚቀባበት ነው። ደግሞ ጠርዙን ይዩት! የእኔ ሠራተኞች እንዲህ አጥርተው ቢቀቡ ምን ቀረኝ!»

ከማዶ ያለው ፋርማሲ ጥበቃ እሁድ ጠዋት የሆነውን አይቷል።

«ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። ተንበርክከው ይቀባሉ። የመንግሥት ሥራ መስሎኝ ‹በርቱ አባቴ› አልኳቸው።»

የአውቶቡስ ዴፖው ንብረት ክፍል ኃላፊ መዝገብ እንኳ ማገላበጥ አላስፈለጋትም።

«ጥቁር ቀለም የለመኑኝ ጡረታ የወጡት ሾፌራችን ናቸው። የቤቴን በር ልቀባ ብለው።»

በራቸው ሰማያዊ ነበር፤ ቀለሙ ተላልጧል። ሽማግሌው ከፈቱ። ዩኒፎርሟን ሲያዩ አልደነገጡም።

«አባባ፣ ዜብራውን ያጠፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ ልጄ።»

«ለምን?»

«ባለቤቴን ስላስገደለብኝ። መስመሩን ተማምና ገባች። የገጫት ሾፌር ጥሩንባ እንጂ ፍሬን አልነካም። ውሸት ነው መስመሩ! ከሚያታልል ይጥፋ፤ ሰው ግራ ቀኙን አይቶ ይሻገር አልኩ።»

«ዛሬ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ እዚያው ተገጭታለች።»

ሽማግሌው መቃኑን ያዙ።

«ሞተች?»

«እግሯ ነው።»

ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አጠለቁ።

«ሠላሳ ዓመት ነዳሁ» አሉ። «ለእግረኛ አንድ ቀን ቆሜ አላውቅም። እግረኛ ማለት ለእኔ ዘወር የሚል ነገር ነበር። ያንን ሾፌር ልረግመው አፌን ስከፍት የራሴ ፊት ይመጣብኛል።»

ይዛቸው ወጣች፤ ፖሊስ ጣቢያው ከዚያው መንገድ ማዶ ነው። ጠርዙ ላይ ቆሙ። አንድ መኪና አለፈ። ሁለት። አሥር። ሽማግሌው የመርማሪዋን ክንድ ጭምድድ አድርገው ያዙ።

እሷ ገባ ብላ መዳፏን አነሳች። ነጭ መኪና ሲጢጥ ብላ ቆመች።

«ለልብስሽ ነው የቆመው» አሉ ሽማግሌው።

ገና መሃል ሳይደርሱ፣ ከኋላ ያለው መኪና፣ ዩኒፎርሟን ያላየው፣ ጥሩንባውን ለቀቀው።