ሊቁ ያረመው ቁጥር

ልጁ የአክስቱን የልክ ደብተር ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በላጲስ ያጠፋል። ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ ደግሞ ያጠፋል። ቆይ፣ መጀመሪያ ማንነቱን ልንገራችሁ።

ቤተሰቡ «ሊቁ» ይለዋል። ዕድሜው አሥር ነው። ከክፍሉ አንደኛ ይወጣል፤ ይህንንም ለሰው ሳይናገር አይውልም። ቤታቸው ሌላ ከተማ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ልብስ ሰፊዋ አክስቱ ዘንድ እንግዳ ሆኖ መጣ።

የአክስቱ ሱቅ ጠባብ ክፍል ናት። በግራ በኩል ጫማ ሰሪው መዶሻውን ሲያንኳኳ ይውላል፤ በቀኝ ጸጉር አስተካካዩ ሰው ሲተርብ ይውላል። ሊቁ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ሁሉን ያያል። ዓይኑ የሚያርፈው ግን የአክስቱ ልጅ ላይ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አንድ ቦታ ስለማትቀመጥ «ፌንጣ» ይሏታል። ጫማ ሰሪው የመርፌው ቀዳዳ አልታይ ሲለው የሚጠራት እሷን ነው። አክስቱም ደንበኛ ስትለካ ቁጥሩን የምታስጽፈው እሷን ነው። ሊቁ ልርዳ ሲል ግን እንግዳ አይሠራም፣ አንተ አረፍ በል ይሉታል። ማረፉ እንደ እሾህ ወጋው።

ልጆች፣ ቅናት ዓይን ውስጥ እንደገባች ጉድፍ ናት። ቶሎ ካላወጧት ደህናውን ሁሉ ታደፈርሳለች።

አንድ ቀን ዳቦ ጋጋሪዋ ጎረቤት ጨርቅ ይዘው መጡ። ሟች ባላቸው የገዙላቸው ነው። ቅዳሜ ልጃቸውን ይድራሉ፤ በዚያ ቀን ከዚህ ሌላ አልለብስም አሉ። አክስቱ ደረታቸውን ለክታ «መቶ አራት» አለች። ፌንጣ መቶ ስምንት ብላ ጻፈች። ወገባቸውን ዘጠና ስድስት ስትል፣ ፌንጣ መቶ ጻፈች። ሊቁ ከኋላ ሆኖ አየ። ልቡ በደስታ ዘለለ። ይቺ ሁሉ የሚያሞግሳት ልጅ ለካ የሰማችውን እንኳ መጻፍ አትችልም!

ቢጠይቃት ምን ነበረበት? እሱ ግን ጠብቆ፣ ሰው ሲወጣ ላጲስ አነሣና ቁጥሩን ሁሉ እንደሰማው አስተካከለ። ነገ በሰው ፊት ስህተቷን ያረምኩት እኔ ነኝ ሊል ነው።

አንድ ነገር ግን አላወቀም። በዚያ ቤት፣ ለስፌት ወደ ውስጥ የሚታጠፈውን አራት ሴንቲሜትር ጸሐፊዋ ራሷ ጨምራ ነው የምትጽፈው። አክስቱ የተጻፈውን አይታ እንዳለ ትቆርጣለች።

በማግስቱ ሊቁ ገና ሳይናገር አክስቱ በማለዳ ቆረጠች። ሰፋች። ሐሙስ ዕለት ሴትዮዋ ሊለኩት ቢሉ ልብሱ ከደረታቸው አልወርድ አለ። ጸጉር አስተካካዩ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «እማማ፣ ኩፍ ያለው ሊጡ ነው ወይስ እርስዎ?» ቢል የሚስቅለት አጣ። ሴትዮዋ ጨርቁን ደጋግመው ዳበሱት።

አክስቱ ደብተሩን ገልጣ፣ አራቱ ሴንቲሜትር አለመጨመሩን አየችና ልጇን ተቆጣች። ፌንጣ ጨምሬ ጽፌ ነበር ብትል ማን ይስማት። እናቷ እርሳሱን ከእጇ ነጥቃ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አንተ ትጽፋለህ» ብላ ለሊቁ ሰጠችው።

የተመኘውን አገኘ አይደል? እራት ሲቀርብ አክስቱ ጸለየች። ሊቁ «አሜን» ሊል ቀና አለ። ከፊቱ ፌንጣ አንገቷን ደፍታ ምግቧን አትነካም። ሰው ባያየው እግዚአብሔር አይቶታል።

«አክስቴ፣ ቁጥሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ለምን?»

«ሁሉ ሰው የሚጠራው እሷን ስለሆነ።»

አክስቱ ተነሥታ ፌንጣ አጠገብ ተቀመጠች። ከዚያ ልጇን ሳብ አድርጋ ግንባሯን ሳመችና ይቅርታ ጠየቀቻት። ፌንጣ እንባዋን ሳትጠርግ ብድግ አለች። ከጨርቁ የተረፈ ቁራጭ አለ፤ በሁለቱም ጎን ብንቀጥለውስ አለች።

በማግስቱ ሊቁ ዳቦ ቤት ሄዶ ሴትዮዋን ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ከፌንጣ ጋር ስፌት ሲፈታ ዋለ። እሷም የአራቱን ሴንቲሜትር ነገር አስረዳችው፤ «ሊቁ ተብለህ መርፌ በየት እንደሚሄድ አታውቅም?» እያለችም ሳቀችበት። እሱም ሳቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ሴትዮዋ ልብሱን ለብሰው፣ እየተኩራሩ በሱቁ በር አለፉ። አክስቱ በዓይኗ ሸኘቻቸውና ወደ ሊቁ ዞረች።

«ልጄ፣ የሰው ሥራ ስህተት ከመሰለህ፣ ቀንተህ ከምታርም ጠይቀህ ተማር» አለችው።