አፍ አፌን ያየኝ ሰው

ሦስት ጊዜ ጠራሁት። ሦስቴም ዝም አለኝ!

አስመራ፣ ኮምቢሽታቶ ጎዳና ላይ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ካፌው በረንዳ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አስተናጋጁ ሳይቀር ማኪያቶ በእጁ እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆመ። እሱ ብቻ ጀርባውን ሰጥቶኝ ደብተሩ ላይ ይጽፋል።

«ጋሽ ዓንደማርያም! ጤና ይስጥልኝ!»

ምንም!

እኔ ብርቅነሽ ደግሞ መናቅ አልወድም። ካሜራና የድምፅ መቅጃ ተሸክሜ ከአዲስ አበባ የመጣሁት ለእሱ ስል ነው። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሦስት ዓ.ም. ነበር። የምሠራበት የፊልም ክፍል ስለ አንድ አንጋፋ ሙዚቀኛ አጭር ፊልም እንድሠራ ሲያዘኝ፣ «ዓንደማርያምን!» ያልኩት እኔው ነኝ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በኤሌክትሪክ ጊታር ሮክ ሲጫወት የኖረ፣ በትግርኛ ግጥም የሚጽፍ የአርባ አራት ዓመት ሰው! ፎቶግራፉን ብቻ አይቼ ነበር የተሸነፍኩት።

ፌዴሬሽኑ ከፈረሰ ስምንት ዓመት አልፏል። አስመራ ውስጥ ትምህርቱም ቢሮውም በአማርኛ ሆኗል። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው እዚህ ሲኮረፍ ምክንያቱን አይጠይቅም። እኔም «በአማርኛ ስለጠራሁት ነው» ብዬ ደመደምኩ።

ዞሬ ፊቱ ቆምኩ። ያን ጊዜ ብድግ አለ፣ ባርኔጣውን አነሣ፣ ፊቱ በፈገግታ በራ።

«ይቅርታ፣ ሓብተይ፣ እኅቴ! ኣላየሁሽም።»

ከዚያ አፌን አየኝ። ዓይኔን አይደለም፣ አፌን! ክው አልኩ።

*

አሥር ቀን ቀረጽኩት። ገጀረት ሰፈር ካለው ቤቱ፣ ከመለማመጃው፣ ከመንገዱ። ጥያቄዬን ስጠይቀው አፍ አፌን ያያል። ሲመልስ ግን ጉድ ነው!

«የመጀመሪያ ጊታርዎን ማን ሰጠዎት?»

«ኣርባ ስምንት ዓመተ ምሕረት።»

«ማን ሰጠዎት ነው ያልኩት!»

«እወ፣ ኣዎ፣ በጣም ነው የምወዳት።»

ያሾፍብኛል ብዬ በገንኩ። ማታ ማታ ሕዝቡ ሁሉ ኮምቢሽታቶ ላይ ወክ ሲወጣ አብረን እንወጣለን። ጎን ለጎን ስንሄድ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ወሬዬን ስቀጥል ድንገት ይቆምና ፊት ለፊቴ ይዞራል። ከኋላችን የሚመጣው ሰው ይጋጨናል። እሱ ግን አፌን እያየ ፈገግ ይላል።

እኔ ሞኟ ደግሞ ልቤ ይቀልጥ ጀመር። አንድ ቀን ከግጥሞቹ አንዱን ወደ አማርኛ መልሶ አነበበልኝ።

«ከተማዬ ታወራለች፣ እኔ ከንፈሯን አያለሁ...»

ስለ እኔ ነው አልኩ! እንዴት ደስ እንዳለኝ!

*

በአሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሆኖ አንድ ዘፈን ብቻውን ተጫወተልኝ። ድምፁን በቴፕ ቀዳሁ። የእኛ ሥራ ደንብ አለው፤ የቀዳነውን ለባለቤቱ መልሰን እናሰማለን። ማዳመጫውን ራሱ ላይ አደረግሁለት፣ ቴፑን አስነሣሁ። መንኮራኩሮቹ መዞር ጀመሩ።

ዓይኑን ጨፈነ። እንባው በጉንጩ ወረደ።

«ጽቡቕ...» አለ ቀስ ብሎ። «ጽቡቕ ኣሎ።» ጥሩ ነው ማለቱ ነበር።

እኔም ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። አፍንጫዬን ልጠርግ መሐረቤን ፍለጋ ወደ ጠረጴዛው ዞርኩ።

የማዳመጫው መሰኪያ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። መሰካቱን ረስቼዋለሁ!

ሰውዬው ምንም አልሰማም። ምንም! ታዲያ የሚያለቅሰው ለምንድን ነው? ከኋላው ሄድኩ። ደግሞ ከዚያ ሁሉ ቃል መሃል ለምን ያን እንደመረጥኩ ዛሬም አላውቅም።

«ዓንደማርያም!» ብዬ ጮህኩ። «እወድሃለሁ!»

ንቅንቅ አላለም። መስኮቱን እያየ እንባውን ጠረገ።

«ወይለይ!» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ።

ዞርኩ። ከበሮ መቺው ጓደኛው እያሱ ሲጋራው ከእጁ ወድቆ ቆሟል። ክንዴን ይዞ ወደ ግቢው አወጣኝ።

«ብርቅነሽ፣ በማርያም! ለማንም ኣትናገሪ። የሚጫወትበት ክለብ ባለቤት ከሰማ ዳግም መድረክ ላይ ኣያወጣውም።»

«ደ... ደንቆሮ ነው?»

«ስድስት ዓመቱ። ያን ሁሉ ዓመት ማጉያው ፊት ቆሞ ጆሮው ኣለቀ። ከበሮ የምመታበትን እግሬን እያየ ነው የሚጫወተው። የሚያወራውንም ሰው ከንፈር ያነባል። ትግርኛ ላይ ጎበዝ ነው። የኣማርኛ ከንፈር ግን እኮ ካንቺ በፊት ብዙም ኣላጋጠመውም!»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ንቀት መስሎኝ ነበር። ኩርፊያ መስሎኝ ነበር። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ፍቅር መስሎኝ ነበር! አፌን ያየው እንደ ጋዜጣ ሊያነበው ኖሯል። ሳልሰናበተው ዕቃዬን ሰብስቤ ሄድኩ።

*

በማግስቱ ጠዋት ያረፍኩበት ፔንሲዮን መጣ። ዓይኔ አብጦ አገኘኝ። ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል።

«ትናንት ከኋላዬ የሆነ ነገር ብለሻል ኣሉ። እያሱ ነገረኝ። እኔ ግን ከእያሱ ኣፍ ኣልቀበልም። ድገምዮ።»

«አልደግምም!» አልኩ። አንቱታው ከአፌ ጠፍቶ ነበር። «አሥር ቀን ሙሉ አፌን ስታይ የከረምከው ለማንበብ ነው!»

«ሦስቱን ቀን ለማንበብ ነው።»

«ሰባቱንስ?»

ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ሰባቱንማ... ኣንድም ቃል ኣላነበብኩም። መልሴ ሁሉ የተሳሳተው ለምን ይመስልሻል?»

ሳቄና ለቅሶዬ አንድ ላይ መጣብኝ። ፊቴን በእጄ ስሸፍን እጄን ቀስ ብሎ አወረደው።

«ኣትሸፍኚው። ሲሸፈን ኣልሰማሽም።»

«የፍቅረካ እየ» አልኩት፤ እወድሃለሁ ማለት ነው። ሌሊቱን ከፔንሲዮኑ ባለቤት ሴትዮ ተምሬው ነበር። ዓንደማርያም ወንበሩ ላይ ዝርግፍ ብሎ ተቀመጠ።

«ትናንት ለምን አለቀስክ?» ብዬ ጠየቅኩት በመጨረሻ።

«ጊታሬ ድሮ እንዴት ይጮህ እንደነበር ትዝ ብሎኝ ነው።»

«ፊልሙን አቃጥለዋለሁ» አልኩ። «ሳትሰማ ስትመልስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ሰው ካስተዋለ እንጀራህ ነው የሚቀረው።»

«ኣይፋልኪ! ኣታቃጥዪውም!» ብድግ አለ። «ስድስት ዓመት ተሸክሜዋለሁ፣ ደከመኝ። ካሜራሽን ኣምጪ።»

ቀረጽኩት። ካሜራውን ትክ ብሎ እያየ «ኣይሰምዕን እየ» አለ። አልሰማም። ከዚያም ሁሉንም ተናገረ።

ወሬው ተሰማና ሰባት ቀን ሳይሞላ ክለቡ አሰናበተው። አዲስ አበባ ያለው አለቃዬም ፊልሙን አይቶ «የማይሰማ ሙዚቀኛ ለማን ይታያል?» ብሎ መደርደሪያ ላይ ወረወረው። እኔም ሥራዬን ወረወርኩለት። በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ አስመራ ተመለስኩ።

እሑድ ከሰዓት ፎርቶ ኮረብታ ላይ ወጣን። ገጀረት ውስጥ ጊታር ለማስተማር ስድስት ተማሪ ማግኘቱን ነገረኝ። ከዚያ ፊቱ ተከዘ።

«ብርቅነሽ፣ ኣንድ ነገር ይቆጨኛል። ድምፅሽን ኣላውቀውም። መቼም ኣላውቀውም።»

ከዚያ ሁሉ መዓት ውስጥ እንዲህ ያለ ድንጋጤ አልደረሰብኝም። መዳፉን አንስቶ ጉሮሮዬ ላይ አሳረፈው።

«ታገቢኛለሽ?»

በእሺታ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ኣይሆንም። በኣፍሽ በዪኝ።»

«እወ» አልኩ።

ጉሮሮዬ ከመዳፉ ሥር ነዘረ። እሳት እንደነካው እጁን መነጨቀ! መዳፉን ገልብጦ አየው። ደግሞ ፊቴን አየ።

«ደጋግመሽ በዪው» አለኝና እጁን መልሶ አስቀመጠ።

«እወ» አልኩት። «እወ። እወ።»