«እኔ ልሙት» ባዩ ጋሽ ገረሱ

የዚያን ቀን ጠዋት ደመናው አልታለብ ብሎ አስቸገረ። እንዲህ ያለ ቀን አይጠፋም፤ ደመና አመለኛ ላም ነው፤ ሲፈልግ ይሰጣል፣ ሲፈልግ ይነሳል። «ምንጭ» የምትባለው ተንሳፋፊ መርከብ ከአዋሽ በላይ ሦስት ሺህ ሜትር ላይ ቆማለች። አላቢዎቿ በየገመዳቸው ተንጠልጥለው ነጩን ጉም በመረብ ይይዛሉ፣ ውሃውንም ወደ ደረቀው አገር ይሰዳሉ። ገመዱን «እትብት» ይሉታል፤ ሰውን ከመርከቧ ጋር የሚያያዘው እሱ ብቻ ነውና። የሚያጠብቀውና የሚያላላው ደግሞ «አድማጭ» ነው፤ ድምፅ እየሰማ፣ ሰው የሚወደውን እየተማረ የሚሠራ የመርከቧ አእምሮ። ሲስቁለት ይደግማል፤ ሲቆጡት ይተዋል። ሕፃን ልጅ በሉት።

ትርሲት የእትብት ጠጋኝ ናት። እጇ ባለሙያ፣ አፏ ተረበኛ።

ጋሽ ገረሱ ደግሞ ከአላቢዎቹ ሁሉ አንጋፋው ነበሩ፤ «እኔ ልሙት» ሳይሉ ወሬ አይጨርሱም። «ዛሬ ጥሩ ይታለባል፣ እኔ ልሙት!» «ሻዩ ቀጥኗል፣ እኔ ልሙት!» ቀደም ሲል አንድ ቀን ትርሲት ለአድማጭ ሹክ አለችው። «ጋሼ እኔ ልሙት ባሉ ቁጥር እትብታቸውን አንድ ስንዝር ልቀቅና መልሰህ ያዝ።»

ወይ ጉድ! ሽማግሌው ማሉ፤ ወረድ አሉ፤ «ኧረ የማርያም ያለህ!» ብለው ጮኹ። መርከቧ በሳቅ ተናጋች። ነገሩ ሲገባቸው እሳቸውም «አንቺ ሰይጣን፣ ቆይ ብቻ!» እያሉ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ የየዕለት ጨዋታ ሆነ። አድማጭ ሳቁን ሰማና ስንዝሩን ክንድ አደረገው፤ ሳቁ ጨመረ። ክንዱንም ሦስት ክንድ አደረገው። ትርሲት ይህን አይታለች። ነገ አስተካክለዋለሁ ስትል ሳምንት አለፈ።

ደመናው አልታለብ ባለበት በዚያ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ጋሽ ገረሱ ጉሙ ውስጥ ተንጠልጥለው፣ ትርሲት ከበላያቸው መርከቧ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ዳቦ ቆሎ ዘረጉላት።

«ቅመሺ፣ የባለቤቴ እጅ ነው።»

«ጠግቤያለሁ ጋሼ።»

እንግዲህ እኛ አገር ጠግቤያለሁ ያለን ሰው ዝም ብሎ የሚተው ማን አለ?

«አንዴ ብቻ፣ እኔ ልሙት!» ወረዱ። «እኔ ልሙት ስልሽ!» ወረዱ። «እኔ ልሙት!»

አድማጭ አንዱን መልሶ ሳይዝ ሌላው ተደረበበት። እትብቱ ከጥቅሉ አልቆ ተነቀለ። ጋሽ ገረሱ እጃቸውን እንደዘረጉ፣ የቸኮሉም ሳይመስሉ፣ ነጩ ውስጥ ገቡ። ደመናው ከላያቸው ተከደነ። ከወዲያ ያሉት አላቢዎች ገና እየሳቁ ነበር።

በማግስቱ ካፒቴኗ ወይዘሮ አሰገደች ሠራተኛውን ሁሉ አዳራሽ ሰበሰቡ። እንደ ጥንቱ አውጫጭኝ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም አይወጣም አሉ። ትንፍሽ ያለ የለም። ትርሲት ብትናገር ሥራዋም ስሟም ያበቃለታል፤ እስር ቤትም አይቀርላትም። ይህን እያሰበች ወለሉን ስታይ የአድማጭ ለስላሳ ድምፅ ከጣሪያው መጣ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። እትብቱን ያላላሁት ማንም ሳያዘኝ ነው።»

ሰው ሁሉ በረጅሙ ተነፈሰ። አንዱማ «ተመስገን!» አለ። አድማጭ በስድስት ሰዓት እንዲጠፋ፣ አዲስ እንዲገጠም ተወሰነ፤ ሰውም ወደ ሥራው ተበተነ።

ትርሲት ወደ ጥገና ክፍሉ ሮጠች። «ለምን ዋሸህ?»

«ስትስቁ የምትፈልጉትን አውቅ ነበር» አላት። «ዛሬ ደግሞ ዝምታችሁን ሰማሁ። የፈለጋችሁትን ሰጠኋችሁ።»

ማሽኑ አንድም ነገሩ አልተበላሸም። ትናንት ጋሽ ገረሱን የጣለውም፣ ዛሬ እሷን የሚያድናትም ያው አንድ ትምህርት ነው፤ አስተማሪዎቹም እነሱ ናቸው። አፈረች፤ እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም።

ወደ ወይዘሮ አሰገደች ቢሮ ገብታ «ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አለች።

ካፒቴኗ ተነሥተው በሩን ዘጉ። «ተይ ልጄ። ማሽኑ አምኗል፣ ወረቀቱም ተፈርሟል። ደግሞስ ያልሳቀ ማን አለ? እኔም ስቄያለሁ። አንቺ ካወራሽ ሁላችንም ልንጠየቅ ነው።»

«ለባለቤታቸውስ ምን ሊባል ነው?»

«ገመድ ተበላሸ ይባላል።»

«መርዶውን የማረዳው እኔ ነኝ» አለች ትርሲት። «እንዴት እንደሞቱም እነግራቸዋለሁ። ከዚያ የፈለጉትን ያድርጉኝ።»

ወደ ምድር በሚያወርደው ጠባብ ሳጥን ውስጥ ገባች። ጉሙ በመስኮቱ ላይ እየተሻሸ ያልፋል። ለስድስት ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ቀርቷል።

«ትርሲት» አለ አድማጭ፣ «ማንም ሂጂ አላለሽም። ማንም አልጠየቀሽም። ታዲያ ለምን ትሄጃለሽ?»

«ስላልጠየቁኝ ነው» አለችውና የመውረጃውን ቁልፍ ተጫነች።