ከዘጠና ያልራቀው ቁጥር

ወንዴን ያገኙት ኮሶዬ ካለው የዘር መጋዘን ጀርባ፣ ከገደሉ ሥር ነው። የገብስ ዘር ጥራት የሚመረምር ረጋ ያለ ልጅ ነበር። ደረት ኪሱ ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት ተገኘ። ሐኪሙ የሞተው ከቀትር በፊት ነው አለ።

እናቱ እማ ሸዋአየሁ ከመካነ ብርሃን ሬሳውን ሊወስዱ መጥተው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ለእሳቸውና ለጎረቤቶቻቸው የተመደበው ዘርም በማግስቱ ሊጫን ነው። ሰኔ ደርሷል፤ ሌላ የሚዘሩት የላቸውም።

ከጎንደር የመጣችው ኢንስፔክተር ሸዋረግ ወረቀቱን ደጋግማ አነበበች። ዘር ቆጣሪዎቹ ልዕልትና ማንያዘዋል፣ እያንዳንዳቸው ከተሰጣቸው የተለያየ የዘር ክምችት በሃያ ሳህን መቶ መቶ ፍሬ አርጥበው፣ የበቀለውን በሰባተኛው ቀን ይቆጥራሉ። በወረቀቱ ላይ የአንዳቸው ሃያ ቁጥር በሙሉ ሰማንያ ዘጠኝ፣ ዘጠና ወይም ዘጠና አንድ ነው። ስሙን ሳትጠራ እንዲህ ያለ ቆጠራ እንዴት ነው ብላ ሁሉንም ለየብቻ ጠየቀች።

መጋዘን ጠባቂው አያ ክንዱ፣ «ሸጋ ነው እንጂ፤ እንዲህ ያለ እጅ የት ይገኛል» አሉ።

ልዕልት ቅናት ቢጤ ያዛት። «የእኔማ እንደ ፌንጣ ይዘላል። ሰማንያ አራትም ዘጠና ስድስትም አለው።»

ማንያዘዋል ግን ሳይጠየቅ፣ «የእኔም ይዘላል፤ ኮምፒውተሩን ይዩት» አላት።

አየችው። እውነትም ይዘላል።

በማግስቱ ጠዋት የጭነት መኪናው ደጅ ቆሞ ሳለ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ዘሩ እውነት ከመቶ ዘጠና የሚበቅል ቢሆን እንኳ ሁሉም ሳህን ዘጠና አይልም» አለች። «አንዱ ሰማንያ ስድስት፣ አንዱ ዘጠና አራት ይላል። አንድ ሳህን በሰማንያ ዘጠኝና በዘጠና አንድ መካከል የመውደቅ ዕድሉን ወንዴ በኤክሴል ሁለት ጊዜ አስልቶታል። መጀመሪያ በባይኖሚያል ቀመር የሦስቱን ቁጥሮች ዕድል ደመረ። ቀጥሎ ደወል በሚመስለው ኖርማል ኩርባ ገመተው፤ መካከሉን ዘጠና፣ መራራቁን ሦስት አድርጎ። ሁለቱም ከመቶ ሠላሳ ስምንት ገደማ አሉት። ሃያ ሳህን ተከታትሎ እዚያው የመውደቁ ዕድል ግን ከቢሊዮን አራት ነው።»

«እንግዲያ የሚዘለው ነው እውነተኛው በይኛ» አሉ አያ ክንዱ።

«አዎ፣ አያ። መዝገቡን ይመልከቱ። ሰባተኛው ቀን ልደታ ነበር። ልዕልት ‹በማግስቱ ቆጠርኩ› ብላ ጽፋለች። ማንያዘዋል ግን ግንቦት አንድ ቆጠርኩ ይላል።»

ልዕልት አንገቷን ደፋች። ያን ዕለት ማንያዘዋል ከእነሱ ቤተሰብ ጋር ደጅ ሆኖ ንፍሮ ሲያድል እንደዋለ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የማንያዘዋል ቁጥር የተለወጠው ወንዴ በሞተ ዕለት፣ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው» አለች ሸዋረግ። «ወንዴ ያኔ ሞቶ ነበር። አያ ክንዱ የወረቀቱን ቁጥር አመሰገኑት፤ ልዕልት ቀናችበት። ነውሩን ያላወቀ ሰው አይለውጠውም። ወንዴ የነገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለቁጥሩ ባለቤት።»

ማንያዘዋል አመነ። ከበዓሉ ማግስት ታሞ እንደቀረ፣ ሲመለስ ሳህኖቹ ሻግተው እንዳገኛቸው፣ ዘጠና አይጠፋውም ብሎ እንደጻፈ ተናገረ። «ወንዴ ራስህ ተናገር፣ እስከ ማታ እጠብቅሃለሁ አለኝ። ወረቀቱን ልነጥቀው ስል ገፋሁት። ጓደኛዬ ነበር።»

ከደጅ የእማ ሸዋአየሁ ድምፅ መጣ።

«ከመቶው ስንቱ ነበር የሚበቅል?»

ሸዋረግ ወረቀቱን አየች። ወንዴ ማንያዘዋል ቆጠርኩ ያለውን፣ ለእናቱና ለጎረቤቶቻቸው የተመደበውን ዘር ራሱ ደግሞ አርጥቦ አራት መቶ ፍሬ ቆጥሯል።

«ስልሳ አንድ፣ እማ። ዘሩ አይጫንም።»

አሮጊቷ ተነሥተው ነጠላቸውን አጣፉ። ከዚያ ሾፌሩን ጠርተው ባዶ ከሚመለስ ልጃቸውን እንዲጭንላቸው ለመኑት።

«ሰዉ መንገድ ላይ ወጥቶ ይጠብቀናል» አሉት። «ዘሩስ ካሉህ፣ ልጇ አስቀረው በላቸው።»