በቀኝ በኩል ያለ ኪስ

ሰው የሚታደሰው ላዩን በማሳመር አይደለም። ባለቤቱ በሆነው አምላክ እጅ ተተርትሮ፣ ውስጡ ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ ጠባሳውን ሳይሸሽግ እንደገና ሲሰፋ ነው። ጠባሳውን የሚሸሽግ ሰው ግን አሮጌነቱን አስውቦ ይሸጣል እንጂ አልታደሰም፤ የሸሸገውም ነገር ቀኑን ጠብቆ ያጋልጠዋል። ቀጥሎ የሚነበበው የሁለት ወጣቶች ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል።

ወጣቷ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች። ማንኛውንም መልስ ተቀብላ በዚያው የምታልፍ ስላልሆነች ተማሪዎቿ «ለምን» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላታል። አባቷ ከሞተ ብዙ ዓመት አልፏል። ከእርሱ የቀራት አንድ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ኮት ነበር፤ አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ ኮቱን በክንዷ ይዛ ወደ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ገባች።

ቤቱ ጠባብ ነው፤ ብርሃን ግን አልጎደለውም። በመስኮቱ ሥር ሁለት የስፌት መኪናዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ከወረቀት የተቆረጡ የልብስ ልኮች በግድግዳው ላይ በምስማር ተንጠልጥለዋል፤ ካውያ የነካው እርጥብ ሱፍ ይሸታል። ሠራተኛውም ደንበኛውም «እትዬ» የሚላቸው የቤቱ ባለቤት፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው በሩ አጠገብ ቁልፍ ይተክላሉ። በመስኮቱ በኩል አንድ ወጣት ልብስ ሰፊ አንገቱን ደፍቶ፣ ደህና የሚመስል ኮት በምላጭ ይተረትራል።

«ምን አጠፋ?» አለች ወጣቷ።

ልብስ ሰፊው ቀና አለ። «ማን?»

«ኮቱ።»

«ምንም አላጠፋም» አለ፤ ሳቁን ለመዋጥ ሞክሮ አልሆነለትም። «ላዩ ስለነጣ እገለብጠዋለሁ። ውስጡ ፀሐይ አላየውም፤ ቀለሙ እንዳለ ነው። ስፌቱን ሁሉ ፈትቼ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ገልብጬ እንደገና እሰፋዋለሁ።»

«ያኔ አዲስ ይሆናል?»

«አዲስ አይሆንም፤ ይታደሳል። ጨርቁ ያው ነው። የደረት ኪሱ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ የሚያውቅ ሰው አይቶ ያውቀዋል።»

ወጣቷ ዐይኖቿን ጠበብ አድርጋ አሰበች። «በመስታወት እንደሚታይ ምስል ማለት ነው። ታዲያ የቁልፉም ቀዳዳ ይዞራል። የወንዱ ኮት እንደ ሴት ኮት ይቆለፋል።»

ልብስ ሰፊው ምላጩን አስቀመጠ። «ይህን በራሱ አስቦ የደረሰበት ደንበኛ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።»

«እንግዲያው የአባቴ ኮት ለእኔ ይሆናል» አለችና ኮቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ግን ኪሱን መደበቅ አይቻልም? የድሮውን ደፍኖ፣ በግራ በኩል ሌላ መክፈት?»

ልብስ ሰፊው ምላጩን አንሥቶ ወደ ጨርቁ ተመለሰ።

«ይቻላል» አለ። «እኔ ግን ትቼዋለሁ።»

«ለምን?»

«ልጄ» አሉ እትዬ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው፣ «ኮት ልታሰፊ መጥተሽ ነው ወይስ ሰፊውን ልትመረምሪ? ዛሬ ልክሽን ይውሰድ፤ ምርመራው ለሌላ ቀን ይቆይልን።»

ወጣቷ ልኳን ሰጥታ ወጣች። «ትቼዋለሁ» የሚለው ቃል ግን አብሯት ሄደ። ሰው ተውኩ የሚለው ያደርገው የነበረውን ነገር ነው። ታዲያ ይህ ሰው ምን ያደርግ ነበር? በሳምንቱ ስለ ገበሩ ቀለም ልትጠይቅ ተመለሰች፤ በሌላው ሳምንት ስለ እጅጌው፤ ከዚያም ስለ ትከሻው፤ ከዚያም እንደገና ስለ ትከሻው።

«ትከሻሽ በየሳምንቱ ያድጋል እንዴ?» አሏት እትዬ።

«ባለፈው በትክክል አልተለካ ይሆናል።»

«እሱስ እውነት ነው። አንቺን ሲለካ ሜትሩን ገልብጦ ነው የሚያነበው።»

ልብስ ሰፊው ያልሰማ መሰለ፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር። ወጣቷም አየችው፤ ማየቷን እርሱም አየ፤ ከዚህ በኋላ ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ስለ ትከሻ አልተነጋገሩም።

አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ክር ልግዛ ብለው ሳያስፈልጋቸው ወጡ። ወጣቷ የመጀመሪያውን ቀን ጥያቄ ደገመችለት፤ እርሱም መርፌውን ሳያቋርጥ ነገራት።

«ሦስት ዓመት ለአንድ ነጋዴ ሰፍቻለሁ። እርሱ አሮጌ ኮት ይሰበስባል፤ እኔ እገለብጣለሁ፤ የኪሱን ቀዳዳ ማንም እንዳያየው አድርጌ እደፍናለሁ፤ እርሱ አዲስ ነው ብሎ ይሸጣል። በእጄ እኮራ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሸክም ተሸካሚ አዛውንት መጡ። ለልጃቸው ምረቃ የገዙት ኮት በወሩ ክርኑ ተቀዷል። ሊጣሉን የመጡ መስሎኝ መልስ አዘጋጅቼ ጠበቅኋቸው። እርሳቸው ግን ‹ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አዲስ ልብስ መልበስ ስላልለመድኩ ክርኔን አብዝቼ ተደግፌ ይሆናል፤ እባክህ ጥገንልኝ› አሉኝ።»

«ጠገንክላቸው?» አለች። ሳታስበው አንተ ብላዋለች።

«ጠገንኩ። እውነቱን ግን አልነገርኳቸውም። በማግስቱ ልነግራቸው ብፈልጋቸው አጣኋቸው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ከኋላ ቆምኩ። ሰባኪው ሰው የራሱ እንዳልሆነ፣ ክርስቶስ በደሙ ስለዋጀው የእግዚአብሔር ገንዘብ እንደሆነ ያስተምር ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ነገር ነው። የዚያን ቀን ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ለሥራ የሚገባ ኮት ሁሉ የባለቤቱ ስም ያለበት ቁራጭ ጨርቅ ይሰፋበታል። ሰፊው እንዳሻው አያደርገውም፤ ባለቤት አለው። እኔስ የማን ነኝ? የነጋዴው ነበርኩ። የእጄ ኩራት ባሪያ ነበርኩ። ‹ጌታዬ፣ ያንተ ከሆንኩ አንተው ተርትረኝ› አልኩት። ሥራውን የተውኩት በማግስቱ ነው።»

«መተርተሩ ያማል?»

«ሲያበቃ እነግርሻለሁ። እስካሁን አልጨረሰም።»

ወጣቷ በጣቷ የጠረጴዛውን ጠርዝ ዳሰሰች። «እኔም ቤተ ክርስቲያን አልቀርም። ግን እንደ እንግዳ ነው የምሄደው፤ ተቀምጬ ሰምቼ እወጣለሁ። የእርሱ ነኝ ብዬ አላውቅም። ይህ ነገር በአንድ ቀን የሚሆን ነው?»

«የእርሱ መሆን በአንድ ቀን ነው። መሰፋቱ ዕድሜ ይፈጃል።»

«ነጋዴው ማን ነበር?»

«በሌለበት ስሙን አላነሳም።»

ለሁሉ ነገር ለምን የምትለው ልጅ ይህን አንዱን ጥያቄ አክብራ ተወችው። ማክበሯ መልካም ነበር፤ ዋጋ ግን አስከፈላት።

ኮቱ ተሰፍቶ አለቀ፤ እርሷ ግን መምጣቷን አላቆመችም። በአራተኛው ወር ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ላይ ዐይኑን ሳያነሣ «እንጋባ» አላት። እርሷ «ለምን?» ስትለው እትዬ ከሳቃቸው ብዛት መርፌ ጠፋባቸው።

«ካንቺ ጋር ስሆን መደበቅ አያምረኝም። ለዚህ ነው።»

«በቂ ምክንያት ነው» አለች። «አሁን ወንድም ጋሼን ማነጋገር አለብህ።»

ወንድም ጋሼ የምትለው ወላጆቻቸው ሲሞቱ ያሳደጋትን፣ በትልቁ ጎዳና ላይ የልብስ ሱቅ ያለውን ታላቅ ወንድሟን ነው። ለእርሷ አባትም እናትም እርሱ ነው። ያለ እርሱ ፈቃድ ማግባትን አታስበውም ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አብረው ሄዱ። በሩን የከፈተው ወንድሟ ራሱ ነው። ሁለቱ ወንዶች ተያዩ።

«እጀ ወርቅ» አለ ወንድምዬው ቀስ ብሎ።

«ትተዋወቃላችሁ?»

«በሥራ» አለ ወንድሟ ፈጥኖ። «እታለም፣ እስቲ ሻይ አፍይልን።»

እርሷ ወደ ማእድ ቤት ስትገባ ነጋዴው ወንበሩን አስጠጋ። «አንድ የጥበቃ ድርጅት አርባ ኮት አዝዞኛል። እንደ ድሮው ትሰፋልኛለህ። እኔም እህቴን እድርልሃለሁ።»

«አልችልም፣ ጋሼ።»

«ማን እንደነበርክ ልንገራት?»

«ነግሬያታለሁ። ያልነገርኳት ለማን እሰፋ እንደነበር ብቻ ነው።»

ነጋዴው ወደ ኋላ ተደገፈ። «እንግዲያው ቀጥልና ንገራታ። ያሳደገሽ ወንድምሽ አጭበርባሪ ነው በላት። ከዚያ በኋላ ፊትህን ማየት ትፈልግ እንደሆነ አብረን እናያለን።»

ልብስ ሰፊው ሻዩን ሳይቀምስ ተነሣ። ሳምንት ሙሉ ዝም አለ። ዝምታውን ርኅራኄ ብሎ ሰየመው፤ ስሙ ግን ፍርሃት ነበር። የታደሰ ሰውም በአሮጌው ልማዱ በኩል ይፈተናልና።

ነጋዴው ቀደመው። «እታለም፣ ያ ልጅ የፈለገው አንቺን ሳይሆን ሱቄን ነው» አላት። «የሱቁን ድርሻ ስጠኝ አለኝ፤ እምቢ ስለው ተኮሳትሮ ሄደ። አላመንሽኝም? ምን ተነጋገራችሁ ብለሽ ጠይቂው። ዝም ይልሻል።»

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ስፌት ቤቱ ሄደች፤ አልተቀመጠችም።

«ወንድሜን ድርሻ ጠይቀኸዋል?»

«አልጠየቅሁም።»

«ታዲያ ምን ተነጋገራችሁ?»

ልብስ ሰፊው ዝም አለ። የእትዬም መርፌ ቆመ።

«ኪሱን እየደበቅህብኝ ነው» አለች።

ይህ አነጋገር ከየትኛውም ስድብ ይልቅ ወጋው። ጨርቁን አስቀመጠና ቀና ብሎ አያት። «ነጋዴው ወንድምሽ ነው። ያን ቀን አርባ ኮት እንድሰፋለት ጠየቀኝ። እንዳላጣሽ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።»

አላለቀሰችም። «ማስረጃህ ምንድን ነው?»

«የለኝም። አንቺ ግን ማየት ትችያለሽ። ከሱቁ ኮቶች አንዱን መስኮት ላይ ወጥረሽ ያዢው፤ ብርሃኑ ከኋላ ይምጣ። የተደፈነው ቦታ በቀኝ ደረቱ ላይ ጠቆር ብሎ ይታያል።»

«ባይታይስ?»

«ዋሽቻለሁ ማለት ነው። እዚህ አትመለሺ።»

«ሂጂ ልጄ» አሉ እትዬ። «ለእኔም ተመልሰሽ ንገሪኝ፤ ሥራ መሥራት አልቻልኩም።»

በማግስቱ ወደ ወንድሟ ሱቅ ሄደች። ከጀርባ ባለው ዕቃ ቤት አርባው ኮት በላስቲክ ተሸፍኖ ተሰቅሏል፤ ሌሎች ሰፊዎች ተገኝተዋል ማለት ነው። አንዱን አውርዳ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ወጠረችው። በቀኝ ደረቱ ላይ ጣት የሚያህል ጥቁር መስመር ታየ። አንድ ምልከታ ማረጋገጫ አይሆንም ብላ የምታስተምር ናትና ሁለተኛውን አወረደች፤ ሦስተኛውን፤ አራተኛውን። ወንድሟ ሲገባ አሥራ አንደኛውን ይዛ ቆማ ነበር።

«ምን ታደርጊያለሽ?»

«አያለሁ፣ ወንድም ጋሼ።»

«ምን አየሽ?»

«አሥራ አንድ ኪስ።»

ነጋዴው ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ለመካድ እንኳ አልሞከረም። «የተማርሽው በዚህ ነው። እግርሽ ላይ ያለውም ጫማ በዚህ ነው።»

«ስለዚህ ነው የምለምንህ። አትላካቸው። የታደሱ ናቸው ብለህ በታደሰ ልብስ ዋጋ ሽጣቸው። እግዚአብሔር አንተንም ያድስሃል፤ እኔም አልለይህም።»

«እኔን?» አለ ከልቡ ተገርሞ። «እኔ ምን ሆኜ ነው የምታደሰው?»

ኮቱን መልሳ ሰቅላ ወጣች። መንገድ ላይ ግን ጥያቄው ወደ ራሷ ዞረባት። ዕድሜዋን ሙሉ ለምን ስትል የኖረች ሴት፣ የምትበላው እንጀራ ከየት እንደመጣ አንድ ቀን ጠይቃ አታውቅም። እርሷስ ምን ሆና ነው የማትታደሰው? እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ በልማዷ ዳር ላይ አልተቀመጠችም። ተንበርክካ «ያንተ ነኝ፤ ከዚህ ጀምረህ ፍታኝ» አለች። ስትወጣ እንግዳ አልነበረችም።

በማግስቱ ስፌት ቤት ሄዳ «አሥራ አንድ» አለች። ልብስ ሰፊው ስለ ሳምንቱ ዝምታ ይቅርታ ጠየቃት። ይቅር አለችው፤ ሁለተኛ ግን እንዳይደግመው አስጠነቀቀችው።

ወንድሟን ሁለት ጊዜ ተመልሳ ለመነችው፤ አልሰማትም። ወደ ድርጅቱ ሄዳ ለመናገር ቀን ስትቆርጥ ኮቶቹ ቀድመው ተላኩ። በመጀመሪያው የዝናብ ወር የጥበቃዎቹ ክርኖች ተራ በተራ ተቀደዱ፤ ድርጅቱም ከሰሰ። ልብስ ሰፊው ማንም ሳይጠራው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ የራሱን ሦስት ዓመት ጭምር ቃል ሰጠ። ወጣቷም በዳኛ ፊት ቆማ ያየችውን ተናገረች፤ ወንድሟ ግን አንድ ጊዜም ዐይኗን አላየም። ልብስ ሰፊው በገዛ ፈቃዱ ስላመነ የስድስት ወር እስራት በገደብ ተፈረደበት። በስፌት ቤቱ መስኮት ላይ፣ ከዚያ ሱቅ የተገዛ ኮት ያለው ሁሉ መጥቶ ያለ ክፍያ እንዲያስጠግን የሚል ወረቀት ለጠፈ። ብዙ ሰው መጣ። ሸክም ተሸካሚው አዛውንት ግን አልመጡም።

ሁለቱ ቅዳሜ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። እትዬ በሙሽራዋ እናት ቦታ ቆሙ።

ነጋዴው በማጭበርበር ወንጀል ጥፋተኛ ተባለ፤ ሦስት ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደበት፤ የንግድ ፈቃዱ ተሰረዘ፤ ሱቁም ታሸገ። እህቱና ባሏ በየእሑዱ ሊጠይቁት ይሄዳሉ፤ እርሱ ግን ወጥቶ የሚያገኛቸው አንዳንድ ቀን ብቻ ነው። ይግባኝ ጠይቆ ውድቅ ተደርጎበታል። ቅጣቱን በመፈጸም ላይ ይገኛል።