የእጅ ፍሬኑን የሳበው ማነው

አራሚው የሞተው እንደኖረው፣ ቀይ እስክሪብቶ በእጁ እንደያዘ ነው። የጎረቤቱ የደላላው ፒክአፕ በኋላው ደረቱን ገፍቶ ጀርባውን ከግቢው ግንብ ጋር አጣብቆታል። እግሩ ሥር በወደቀው ወረቀት ላይ «አቋቋምህም እንደ አነጋገርህ የተንጋደደ ነው፤ በተለይም» ይላል። ቀሪውን ለመጻፍ ጊዜ አላገኘም።

«እሰይ!» ብሎ የጮኸ የለም፤ በሆዱ ያላለ ግን ካለ እኔ አላውቅም። ሟቹ ጡረታ የወጣ የቋንቋ መምህር ነበር። ሰላም ያለውን ሰው ሰላምታውን ያርመዋል። መኪናውን ጠመም አድርጎ ያቆመ ሰው ደግሞ መስታወቱ ላይ በቀይ የተጻፈ ዘለፋ ይጠብቀዋል። ጠዋት ጠዋት ግቢው መሃል ቆሞ «ማነው እዚህ የገተረው?» እያለ ካልጮኸ ቁርሱ አይወርድለትም።

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ተነስቶ፣ ጥፋተኛውም ተገኝቶ ጠበቃት። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «መርፌ» ነው የሚሏት፤ ገብታ ሳትወጋ የወጣችበት ቤት የለም። ከቁመቱ የተነሳ «አንቴናው» የሚባለው ሽማግሌ ዘበኛ በካቴና ታስሮ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል።

ግቢው ጠባብና ቁልቁለታም ስለሆነ የራሱ ሕግ አለው። የሚያቆም ሁሉ ማርሹን ፍሪ ያደርጋል፣ የእጅ ፍሬን አይስብም፣ በሩንም አይቆልፍም። መውጣት የፈለገ ጎረቤት የዘጋበትን መኪና ገፍቶ ያልፋል። መኪናው እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር ታኮ የሚያደርገው ዘበኛው ነው።

«ታኮውን ረሳ፣ መኪናው ተንሸራተተ፣ አለቀ» አላት ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ።

«አልረሳሁም ልጄ!» አለ አንቴናው። «በዚህ እጄ ነው ያደረግኩት። በዚህ ዕድሜዬ እስር ቤት ከገባሁ የሚወጣው ሬሳዬ ነው።»

መርፌ ወደ ደላላው ዞረች። ደላላው ቁመቱም ረጅም፣ ጎኑም ሁለት ወንበር የሚሞላ ሰው ነው።

«ጩኸቱን ሰምቼ ነበር ማለት ነው» አለ። «በየቀኑ ስለሚጮህ ዝም አልኩ ማለት ነው። በኋላ ደርሰን ብንገፋ፣ ብንገፋ፣ መኪናው ወይ ፍንክች! አራት ሰው ነን እኮ። በሩን ከፍቼ እጄን ስሰድ የእጅ ፍሬኑ ተስቧል። እዚህ ግቢ የእጅ ፍሬን የሚስበው የትኛው የተረገመ ነው ማለት ነው?»

«ገብተህ ተቀምጠህ ነበር?»

«ኧረ የት! እጄን ሰድጄ ለቀቅኩት እንጂ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልገባበትም፤ ፖሊስ ቆሞበታል።»

ላይኛው ፎቅ የምትኖረው የጥርስ ሐኪም መለሎ ናት፤ መርፌን ቁልቁል እያየች መለሰች።

«ቤዚካሊ፣ ሲጮህ ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩት። ባለፈው ሳምንት በበሽተኞቼ ፊት ስንት ቃል እንዳበላሸሁ ቆጥሮ ነገረኝ። አላለቅስለትም። ግን አልገደልኩትም።»

የሟች ባለቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ትልጣለች። ቁመቷ ከምድጃው ብዙም አይበልጥም።

«ሲጮኹ ሰሙ?»

«አዎ።»

«ወጡ?»

«አልወጣሁም።»

መርፌ ዓይኗ አያርፍም። የዱቄቱ ጣሳ ሥር የተደበቀ ደብተር አየችና ሳበችው። የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ማስታወሻ ነው፤ የሴትዮዋ የእጅ ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር በቀይ ታርሟል። መጨረሻው ላይ «እንኳን መኪና፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መንዳት አልቻልሽም» ይላል።

«ይሄን ቀዩን ባለቤትዎ መቼ ጻፉት?»

«ትናንት ነው፣ ደብተሩን ሲያገኘው» አለች ሴትዮዋ፤ ወደ ሽንኩርቷም ተመለሰች።

መርፌ ሁሉንም ፒክአፑ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«የእጅ ፍሬኑ የተሳበ መኪና አይንሸራተትም» ብላ ጀመረች። «ይሄ ግን ተንሸራትቷል። ስለዚህ ፍሬኑ የተሳበው ግንቡ ጋ ከደረሰ በኋላ ነው። አንድ ሰው ታኮውን ነቅሎ፣ ሰውየው ሲጣበቅ ገብቶ ፍሬኑን ሳበ፤ ማንም ገፍቶ እንዳያድነው። ያ ሰው ተቀምጦ፣ ቅድም እንዳየሁት፣ የውስጡን ስፖኪዮም ለራሱ ዓይን አስተካክሏል። እስኪ ተራ በተራ ግቡ። ስፖኪዮውን እንዳትነኩ፤ ምን እንደሚታያችሁ ብቻ ንገሩኝ።»

ደላላው እያለከለከ ገባ። «የኋላ ወንበሩ ነው የሚታየኝ። ኧረ ትናንት እንዲህ አልነበረም!»

ሐኪሟም የኋላ ወንበሩን አየች። አንቴናው ከነካቴናው ተጣጥፎ ገባ፤ ሕይወቱ በአንዲት መስታወት ላይ እንደተንጠለጠለች ገብቶታል። «ወንበር ነው ልጄ፣ ወንበር ብቻ!»

«እርስዎስ እትዬ?»

ሴትዮዋ ገባች። ቀና ብላ አየች።

«ግንቡ» አለች። «እሱ የነበረበት።»



«የዚህ ግቢ ሰው የእጅ ፍሬን መሳብ ከተወ ቆይቷል» አለች መርፌ። «የሚስበው አዲስ ተማሪ ነው። ስፖኪዮ ሳያስተካክል የማይቀመጠውም እሱ ነው።»

«ፍሬኑ እውነትሽን ነው፣ እጄ ሳያስበው ሳበው» አለች ሴትዮዋ። «ስፖኪዮውን ግን ያስተካከልኩት ላየው ፈልጌ ነው።»

ካቴናው ከአንቴናው እጅ ወጥቶ እሷ እጅ ላይ ገባ። ሽማግሌው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

«እኚህን ምስኪን ሲያስሯቸው እንዴት አስችሎዎት ዝም አሉ?» አለች መርፌ። ይሄኔ ንዴቷን አልደበቀችም።

«ዝም ማለት ሙያዬ ነው ልጄ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ተምሬዋለሁ። እናቴን ስቀብር እያለቀስኩ ያልኩትን ለቀስተኛ ፊት አስቁሞ አርሞኛል።»

«ምነው እኛን እንኳ ብትጠሪን?» አለች ሐኪሟ።

«እሱ ጠርቷችሁ የለ? ድምፁ እስኪዘጋ ጠራችሁ። አንድ መስኮት እንኳ አልተከፈተም።» ሴትዮዋ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ዓይኗን የተቋቋመ አልነበረም። «በመጨረሻ በመስታወቱ ተያየን። ‹እባክሽ› አለኝ። ጥርት አድርጎ ነው ያለው። አስደገምኩት።»