የቆርቆሮ ምርቃት

«ቁልፉን አስቀምጥና ውጣ» አለች ወይዘሮ ምህረቴ።

ጋሽ አየነው የመጋዘኑን ቁልፍ ከቀበቶው ፈታ። ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ፣ ኮምፒውተሩ አጠገብ አኖረው። ምህረቴ ይህን ሰው ከልጅነቷ ጀምሮ እርስዎ ስትለው ኖራ፣ ያን ቀን አንተ አለችው። ልጇ ፀደይ የባርኮዱን ማንበቢያ እንደያዘች ጥግ ላይ ቆማ ነበር።

«እኔ ከምርቃት በቀር ያወጣሁት የለም፣ ምህረቴ» አለ ጋሽ አየነው።

«ምርቃቱንማ ማሽኑ ቀንሶታል። እኔ የምልህ ከዚያ ሌላ የጎደለውን ነው።»

ሰውየው ወደ ፀደይ ዞር አለ። ሊከሳት አልነበረም፤ እሷ ተማሪ ናትና ታስረዳው እንደሆን ብሎ ነው። ፀደይ የማንበቢያውን ገመድ በጣቷ ላይ መጠምጠም ጀመረች። እሱም ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ልጆቼ። ዳንግላ ካለው ከምህረቴ ሱቅ ለቤት ክዳን ቆርቆሮ የገዛ ሰው ባዶ እጁን አይሸኝም። ቆርቆሮው ጋሪ ላይ ተጭኖ ሲያልቅ፣ ጋሽ አየነው ከመጋዘን አንድ እሽግ ሚስማር ያመጣና «ቤትህን ያጽናልህ» ብሎ ይጨምርለታል። ከገጠር የመጣውን በአገውኛ ይመርቀዋል። ይህን ያስለመዱት የምህረቴ አባት ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ምርቃት ደግሞ አይቆጠርም፤ የቆጠሩት እንደሆነ በረከቱ ይነሳል ይባላል።

ምህረቴ ቆሰበር ላይ ሁለተኛ ሱቅ ስትከፍት ግን ሁለቱንም በዓይኗ መጠበቅ አልቻለችም። ባርኮድ አስገቢ አሏት። ፀደይ ዘጠነኛ ክፍል ነበረችና፣ «አንቺ ኮምፒውተር ትማሪያለሽ፤ የሚሻለውን ምረጪ» ብላ ነገሩን ሁሉ ለእሷ ተወችው። አንደኛው ምርጫ ለሱፐርማርኬት ተሠርቶ ያለቀ፣ ርካሽ ፕሮግራም ነው። ሌላው ስማቸው የሚባል ወጣት ከባሕር ዳር መጥቶ ለእነሱ ሱቅ ብቻ የሚሠራው ዳታቤዝ ነው። ስማቸው ሲያስረዳት፣ ያኛው እንደ ልባሽ ጨርቅ ነው፣ ቢጠብሽም ቢሰፋሽም ትለብሽዋለሽ፤ የእኔው ግን ልክሽ ተለክቶ የሚሰፋ ነው፣ ብቻ ልክሽን በትክክል ንገሪኝ አላት። ፀደይ የሚሰፋውን መረጠች። ምርጫዋ ጥሩ ነበር።

ከዚያ ቁጭ ብሎ ጠየቃት። ዕቃ ከመጋዘን በምን በምን ምክንያት ይወጣል? ሲሸጥ፣ አለችው። ሲበላሽ። ቆሰበር ሲላክ።

«ምርቃት ነገርስ የላችሁም?» አለ ስማቸው። «ካላችሁ፣ ቆርቆሮ በተሸጠ ቁጥር ሚስማሩን ራሱ እንዲቀንስ አደርገዋለሁ። ቀላል ነው።»

ይህን ሲል ፈገግ ብሎ ነበር። ፀደይ ሙድ የያዘባት መሰላት። ላፕቶፕ ታቅፎ በመጣ የከተማ ልጅ ፊት፣ እኛ ሚስማር እየሰጠን እንመርቃለን ማለት ከበዳት።

«ኧረ ፋራ አደረግኸን እንዴ» አለችው። «ምርቃት ምናምን ድሮ ቀርቷል።»

እዚህ ላይ ቢያበቃ ትንሽ ነገር ነበር። ግን ስማቸው ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ ምህረቴ፣ ፊደል ባትቆጥርም ንግዱን የምታውቅ ሴት ናትና፣ ምርቃቱንስ ማሽኑ ያውቀዋል ወይ ብላ ጠየቀች። ፀደይ፣ አያውቀውም ካለች እናቷ በቁጣ እንደምትነሳ፣ ስማቸውም ተመልሶ እንደሚስቅባት ታያት።

«ራሱ ይቀንሰዋል» አለች።

በጋውን ሙሉ ሰው ቤት ሲከድን ከረመ። ክረምቱ ሊገባ ሲል መጋዘኑ ተቆጠረ፤ ሚስማሩ ኮምፒውተሩ ካለው እጅግ አንሶ ተገኘ። ማሽን አይዋሽም ተባለ። ጋሽ አየነውም ቁልፉን አስረክቦ ወጣ።

የጋሽ አየነው ልጅ ውዴ ከፀደይ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የምትቀመጠው። ወሬው ከሰዎቹ ቀድሞ ትምህርት ቤት ገባ። አንድ ልጅ ከኋላ ሆኖ፣ «ውዴ፣ ሚስማር ይኖርሻል? ጫማዬ ተነቅሎ ነበር» አለና ክፍሉ ሳቀ። ውዴ ደብተሯን ዘጋች። በእረፍት ሰዓት ግን ፀደይን ይዛ ወደ አጥሩ ወሰደቻት።

«አንቺ እዚያው ነው የምትውይው። አባቴ ይሰርቃል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች ፀደይ።

ውዴ ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልመጣችም። አባቷ ሥራ የሚሰጠው ሰው ስላጣ፣ ቤተሰቡ አዘና ከተማ ያለው ወንድሙ ዘንድ ሊገባ ነው አሉ። ዴስኩ ለፀደይ ብቻዋን ሰፋባት። ምሳዋን ሳትበላ የምትመለስበት ቀን በዛ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ለእናቷ ነገረቻት፤ ሁሉንም፣ መንገድ ላይ። ምህረቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«አልነገርሁም።»

«እንግዲያው ዝም በይ።»

ከዚያ በሹክሹክታ ብዙ ተናገረች። ለገበያው ሁሉ ሌባ ነው ብዬ ጨርሻለሁ፤ ዛሬ የንጹሕ ሰው ስም አጠፋሁ ብል ማን ያምነኛል? ሱቁስ ምን ይሆናል? እኔ በኋላ በስውር እክሰዋለሁ አለች። ምህረቴ ክፉ ሴት አልነበረችም። ፈርታ ነው።

ከቀትር በኋላ ጋሽ አየነው ሽማግሌ ይዞ ቤታቸው መጣ። ሥራውን እንድትመልስለት አልጠየቃትም፤ ስሜን አጽዱልኝ ነው ያለው። የሽማግሌዎቹ አለቃ አባባ ገበየሁ ሁለቱንም ካዳመጡ በኋላ፣ ጉዳዩ በመሐላ ይለቅ አሉ።

«ከመጋዘኑ ሳይሸጥ በእጄ የወጣ ሚስማር የለም ብለህ ማልና ይብቃ» አሉት።

ጋሽ አየነው ራሱን ነቀነቀ።

«እንዲህ ብዬ አልምልም» አለ። «ሰጥቻለሁ። ለስንቱ ጎጆ ሰጥቻለሁ።»

«እሱንማ ማሽኑ ቀንሶታል እየተባለ። ከዚያ ሌላ አልወሰድሁም በል።»

«ማሽኑ የቀነሰውን አላየሁ። ያላየሁትን እንዴት ብዬ ልማል?»

አንደኛው ሽማግሌ ወደ ሌላው አየ። መሐላ የሸሸ ሰው በእነሱ ዘንድ ጥፋተኛ እንደሚባል ሁሉም ያውቃል። አባባ ገበየሁ ኩታቸውን ሰብሰብ አድርገው ለመነሳት በትራቸውን ያዙ። ጋሽ አየነው ቀና አላለም።

ፀደይ የእጅ ውሃ ይዛ የጓዳው በር ላይ ቆማለች። እናቷ ከወዲያ ሆና በዓይኗ ተመለሽ አለቻት። ሽማግሌ በተቀመጠበት ልጅ አይናገርም፤ ሴት ልጅማ ከነጭራሹ። ፀደይ ማንቆርቆሪያውን ወለሉ ላይ አኖረችው። እናቷን ካየች እንደምትመለስ አውቃለችና አላየቻትም። እስከ መሐል ሄደች፤ ጋሽ አየነው ከተቀመጠበት ዱካ አጠገብም ቆመች።

«አባባ ገበየሁ» አለች። «እኔን አስምሉኝ። ማሽኑን የማውቀው እኔ ነኝ።»